ተማሪዎቼ ሪሰርቹን ኮፒ አርገው ያመጣሉ፣ ምን ላርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ አራት ኪሎ አካባቢ 11ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ዘንድሮ ልጆቹ በታሪክም በሒሳብም በኬሚስትሪም ፕሮጀክት ይስሩ ተብሎ ተከፋፍለናቸዋል፣ ግን ሁሉም ከጎግል ገልብጠው ነው የሚያመጡት። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ልጆቹ ሰንፈው ብቻ አይመስለኝም፣ ርዕሱ ሰፊ ሲሆን ከመገልበጥ ሌላ ምን ያርጉ? «የባቡር ታሪክ በኢትዮጵያ» ያለ ልጅ ኮፒ ያረጋል፣ «ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለገሃር አካባቢ ምን ተቀየረ» ያለው ግን ወርዶ ጣቢያውን ማየት፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ገብቶ የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ጥያቄ ማጥበብ ላይ ብቻ ያጥፉ፣ አይቆጭዎትም።

ሒሳብ ላይ የታክሲ ሰልፍ አለልዎት። ጠዋት ጠዋት ለ10 ቀን ስንት ደቂቃ እንደቆሙ ይመዝግቡ፣ አንዱን ቀን ዝናብ ጥሎ አንድ ሰዓት ቢቆሙ አማካዩ ዘሎ ሚዲያኑ (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ግን ብዙም እንደማይነቃነቅ በራሳቸው ቁጥር ያዩታል፣ ይሄ ከየትም አይገለበጥም። ለኬሚስትሪ ቀይ ጥቅል ጎመን ይበቃል፣ የተቀቀለበት ውሃ ላይ ሎሚ ሲጨምሩ ይቀላል፣ የሳሙና ውሃ ሲሆን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል።

በየሳምንቱ ደግሞ የመዝገብ ደብተራቸውን ይዩ፣ ያላለቀውንም ጭምር። ውጤቱ ከጠበቁት ውጪ ከወጣ እባክዎ ማርክ አይቀንሱባቸው፣ ለምን እንደዛ እንደሆነ እንዲጽፉ ብቻ ይጠይቋቸው።