ከዱባይ የመጣው የመርሳት እንክብል

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ለልቧ በሐኪም የታዘዘላት አስፕሪን ትወስዳለች። ሰሞኑን መርሳት ጀምራለች። ቶናው ሳይቀርብ አቦሉን መጠጣቷን ትረሳዋለች። እህቴ ከዱባይ ጊንኮ ቢሎባ የሚባል ከቅጠል የተሠራ እንክብል ልካላት ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው። እኔም ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እየጠፋኝ ነው። ከአሁኑ ብጀምረው ይከላከልልኛል? እናቴ ከወር በፊት አንሸራቷት ጭንቅላቷን ከመመታቷ በቀር ሌላ ሕመም የለባትም።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ እንክብሉ ነው። የፈሩት ግን «እኔም እንደ እናቴ ልሆን ነው ወይ?» ብለው ነው። አብሽሩ። ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ የማይጠፋው ማን አለ? እኔም ዛሬ ጠዋት ፈልጌያለሁ። ቁልፉ ለምን እንደሚሠራ ቢጠፋዎት ነበር የምጨነቀው። ወላጁን የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል እንጂ የግድ ይይዘዋል ማለት አይደለም። ደግሞስ እናትዎ መቼ ተመረመሩ?

ጊንኮ በደንብ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች፣ ገሚሱ ጊንኮ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት እንክብል፣ ስድስት ዓመት ያህል ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ጊንኮው በሽታውን አልተከላከለም። ስለዚህ ገንዘብዎን ይያዙ።

አሁን ወደዚያች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርዎ። «ከመመታቷ በቀር» ይሉኛል! ዋናውን ነገር እኮ ነው ጭራ ላይ ያስቀመጡት። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ትንሽ ይቀንሳል፤ ከላዩ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ቀላል ምት ይበጥሳቸዋል። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ለሳምንታት ይጠራቀማል። በወደቁ ዕለት ደህና ናቸው፣ ቡናም ያፈላሉ። ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ ራስ ምታት፣ ቀን እንቅልፍ ማብዛት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ይመጣል። ጎረቤቱም «ጃጁ» ብሎ ይፈርዳል። አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ጊንኮም እንዲሁ ያደርጋል ተብሎ ስለሚሰጋ ሁለቱን መደረብ አንመክርም። እናንተ ደግሞ ማንንም ሳትጠይቁ ሁለት ሳምንት ደረባችሁ! «ቅጠል ምን ያደርጋል?» የምትለዋን ነገር ስንቴ ሰማኋት።

ደም አለ እያልኩ አይደለም። ሳይታይ ግን የለም ማለት አይቻልም። ጊንኮውን ዛሬ ያቁሙ። አስፕሪኑን በራስዎ እንዳይነኩት፣ የልብ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ይወስን። ዛሬውኑ እናትዎን ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱ፤ እንክብሉንም ከነዕቃው ይያዙ። ካስመለሳቸው፣ አንድ ጎናቸው ከሰነፈ ወይም አልነቃ ካሉ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ደም ቢገኝም አይደንግጡ፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ብዙዎችም ይሻላቸዋል።

ደም ከሌለ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርት ይታዩላቸው፤ ሁሉም ይታከማሉ። እዚያው እያሉ የእርስዎንም ደም ግፊት ያስለኩ። በእርስዎ ዕድሜ ሳይታከም የቆየ ግፊት ኋላ ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል።