የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «ራን» ሁልጊዜ መሮጥ አይደለም

ጥያቄ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ኃላፊያችን የውጭ አገር ሰው ስለሆኑ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። «ራን» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ «ሮጠ» ብዬ ነው የማውቀው። እርሳቸው ግን ስለ ስፌት ማሽኑ ሲናገሩም «ራን» ይላሉ፤ ክር ሲያልቅም «ራን»፤ የጨርቅ ቀለም ሲለቅም «ራን»። ሰሞኑን ደግሞ «ነገ አዲስ ራን እንጀምራለን» አሉን። ከመካከላችን የሚሮጥ ሰው የለም። ለመሆኑ ይህ ቃል ስንት ትርጉም አለው? እንዴትስ ላጥናው?

የጥራት ተቆጣጣሪዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጆሮሽን ላመስግን። አራቱንም ለይተሽ ሰምተሻቸዋል፤ ብዙ ሰው የማይገባውን ቃል ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

ቁጥሩን ከጠየቅሽኝ ልንገርሽ። የኦክስፎርድ ታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2011 እ.ኤ.አ. ቃሉን ከልሰው ሲጨርሱ፣ የ«ራን» ትርጉሞች በግስነቱ ብቻ 645 ደረሱ። ሥራውን የያዘው ፒተር ጊሊቨር የተባለ የመዝገበ ቃላት ባለሙያ ለዚህ አንድ ቃል ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶበታል። ከዚያ በፊት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በ20 ቅጽ በታተመው ሁለተኛው እትም፣ ሰፊውን ቦታ ይዞ የነበረው «አስቀመጠ» እያልን የምንተረጉመው «ሰት» ነበር፤ እርሱ 430 ትርጉሞች ተቆጥረውለታል።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው እንኳ 645ቱን ሸምድዶ አልተነሣም። አንቺስ የራሳችንን «ያዘ» ማን አስተማረሽ? ፖሊስ ሌባ ይይዛል፤ ጉንፋን ሰው ይይዛል፤ ሰው ቀጠሮ ይይዛል፤ ድስቱ አምስት ሊትር ይይዛል። ስልኩ ተይዟል እንላለን፤ መኪናው ፍሬን አልያዘለትም እንላለን፤ እንቅልፍ ያዘኝ፣ ቂም ያዘብኝ፣ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ እንላለን። ይህን ሁሉ ስትናገሪ አንድም ቀን ተደናግረሽ አታውቂም፤ ማን እንደያዘና ምን እንደተያዘ ስትሰሚ ትርጉሙ ራሱ ይመጣልሽና። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ግን «ያዘ»ን በእጁ ጨብጦ ይዞ፣ ጉንፋኑ ጋ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። አንቺ «ራን» ላይ የቆምሽው እዚያው ቦታ ነው።

ስለዚህ «ራን»ን ስትሰሚ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ባለቤቱ ማን ነው? ከኋላው የተከተለውስ ምንድን ነው?

ከማሽኑ እንጀምር። ባለቤቱ ማሽን ከሆነ «ይሠራል» ማለት ነው። ቃሉ ከጥንት የእግርና የወራጅ ነገር እንቅስቃሴ ነበር፤ ማሽንና ባቡር ሲመጡ ወደ እነርሱ ተሻገረ፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ወደ ፕሮግራሙ።

አሁን ተማሪዎቼ ሁሉ የሚሰናከሉበት ቦታ ደረስን። እኛ ማሽኑ «ሠራ» እንልና ሠራተኛዋ ማሽኑን «አሠራች» እንላለን፤ «ሄደ» ብለን «አስኬደ» እንላለን። ድርጊቱን ራሱ የፈጸመውንና ሌላውን ያስፈጸመውን የምንለየው ግሱ ራስ ላይ «አ» ወይም «አስ» ጨምረን ነው። እንግሊዝኛ ግን በ«ራን» ላይ ምንም አይጨምርም። ማሽኑም «ራን»፣ ማሽኑን የምታሠራዋም «ራን»። ልዩነቱን የሚነግርሽ ከቃሉ ቀጥሎ ስም መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሆቴል «ራን» ያደርጋል ሲባል ሆቴሉን ያስኬዳል ማለት ነው፤ ሙከራ «ራን» ያደርጋል ሲባል ሙከራ ያካሂዳል። ከቃሉ ኋላ ድርጅት፣ ማሽን ወይም ፕሮግራም ተከትሎ ስትሰሚ «አስኬደ»ን ወይም «አሠራ»ን ሞክሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆንልሻል። ይህን አንድ ነገር የጨበጠ ተማሪ ከመዝገበ ቃላቱ ብዙ ገጽ ተሻግሯል ብዬ አምናለሁ።

ክሩ ላይ ስንመጣ፣ ትርጉሙን የሸከፈችው ከኋላ የምትመጣው ትንሿ ቃል ናት። «ራን አውት» ሲባል አለቀ ነው። «ራኒንግ ሎው» ሲባል ግን ገና አላለቀም፤ እየተመናመነ ነው። ለአንቺ ሥራ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ሎው» ያሉሽ እንደሆነ ከመጋዘን ለማስመጣት ጊዜ አለሽ፤ «አውት» ካሉሽ መስመሩ ቆሟል። ሌሎቹም ትንንሽ ቃላት እንዲሁ ናቸው፦ «ራን ኢንቱ» ስታደርጊ ከሰው ጋር ድንገት ትገናኛለሽ ወይም ከአንድ ነገር ጋር ትጋጫለሽ፤ «ራን ኦቨር» ሲሆን መኪና ገጭቶ በላዩ ላይ ሄዷል፤ «ራኒንግ ሌት» ያለ ሰው ደግሞ እየዘገየ ነው።

ቀለሙ የፈሳሽ ነገር ነው። ወንዝ፣ እንባ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ አፍንጫ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ «ራን» ያደርጋሉ፤ እኛ «ፈሰሰ» ወይም «ወረደ» የምንለው ነው። ቀይ ጥለት ታጥቦ ነጩን ጨርቅ ሲያቀላው «ቀለሙ ለቀቀ» የምንለውን እነርሱ በዚያው ቃል ይናገሩታል። በዚህ አጋጣሚ ልጨምርልሽ፤ ስቶኪንግ ሲተረተር የሚታየውን መስመር አሜሪካዊ «ራን» ይለዋል፤ እንግሊዛዊ ግን «ላደር»፣ መሰላል ማለት ነው። የጉድለት መዝገብ ላይ ሁለቱንም ልታገኚ ትችያለሽ።

«ነገ አዲስ ራን» የሚለው ስም እንጂ ግስ አይደለም። ሳይቋረጥ የሚሠራ አንድ ዙር ምርት ማለት ነው። «ትራያል ራን» ሲሉ ደግሞ ዋናው ምርት ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ የሙከራ ዙር ነው፤ እርሱን ከሰማሽ ለተቆጣጣሪ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነውና ቀድመሽ ተዘጋጂ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ጀልባ ነጂ ነኝ። አንዲት ጎብኚ ጀልባው እስከ ስንት ሰዓት «ራን» እንደሚያደርግ ጠየቀችኝ። ፍጥነቱን የጠየቀች መስሎኝ «ስሎው» አልኳት። ምን ማለቷ ነበር?

ጀልባ ነጂው፣ ከሐዋሳ ሐይቅ

መልስ

ወንድሜ፣ የጠየቀችህ እስከ ስንት ሰዓት ሰው እንደምታመላልስ ነው። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ጀልባ፣ በመደበኛነት የሚመላለስ ነገር ሁሉ «ራን» ያደርጋል። ፍጥነት ቢሆን ኖሮ «ፋስት» የሚል ቃል ትሰማ ነበር። አንድ ነገር ግን አደራ፦ እኛ ማታ 12 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 6 ሰዓት ይሉታል። እስከ 12 ድረስ እሠራለሁ ለማለት በራሳችን አቆጣጠር «ትወልቭ» ብትላት፣ እኩለ ሌሊት ሐይቁ ዳር ቆማ ትጠብቅሃለች። «ሲክስ» በላት።

ጥያቄ

የተከበሩ መምህር፣ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። በየቀኑ የእንግሊዝኛ ቃላት በደብተሯ ትጽፍና አጠገባቸው አንዳንድ የአማርኛ ፍቺ ታሰፍራለች። ትሸመድዳለች፤ ፈተና ላይ ግን ያው ቃል ሌላ ሆኖ ይመጣባታል። ልጅቷ አልሰነፈችም። ምን ላድርግ?

አባት፣ ከታቦር አካባቢ

መልስ

እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ አልሰነፈችም። ይህን ደብተር በየክፍሉ አየዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ይቆረቁረኛል። ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ይዛ የሄደች ልጅ፣ በፊዚክስ መጽሐፏ ሞተር «ራን» ሲያደርግ የሚሮጥ ሞተር ይታያታል። በታሪክ መጽሐፍ አንድ ሰው ለፕሬዚዳንትነት «ራን» ሲያደርግም እንዲሁ፤ እርሱ መወዳደሩ ነው። በነገራችን ላይ አሜሪካዊው ዕጩ በምርጫ «ይሮጣል»፣ እንግሊዛዊው ዕጩ ደግሞ «ይቆማል» ነው የሚባለው፤ ሁለቱም ያው ተወዳዳሪዎች ናቸው።

ደብተሩን አይጣሉባት። ቃሉን ለብቻው መጻፉን ግን ትተው። ቃሉን ያገኘችበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ትገልብጥ፤ ከሥሩ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአማርኛ ትጻፍ። ለእንደ «ራን»፣ «ጌት»፣ «ቴክ» ላሉ ቃላት ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ገጽ ትተውላቸው፤ ባገኘቻቸው ቁጥር እዚያው ገጽ ላይ ትጨምር። በሳምንት ጥቂት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እርስዎም እንግሊዝኛውን ባይችሉት አማርኛውን ሊጠይቋት ይችላሉ፤ «እዚህ ላይ የሮጠው ማን ነው?» ይበሏት። የሚሮጥ ሰው ካጣች ቆም ብላ ማሰብ ትጀምራለች።

ጥያቄ

በስፖርት ዜና «ራነር አፕ» ሲባል እሰማለሁ። ጥሩ ሯጭ ማለት ነው?

የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ልጄ፣ ሁለተኛ የወጣ ማለት ነው። ሩጫ መሆንም የለበትም፤ በእግር ኳስ ዋንጫ የተሸነፈው የፍጻሜ ቡድንም በቁንጅና ውድድር ሁለተኛ የወጣችውም እንዲሁ ይባላሉ። በሲድኒ ኦሊምፒክ በ2000 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ወርቁን ሲወስድ ሁለተኛ የወጣው ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ነበር፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 0.09 ሴኮንድ ነው።