ጥያቄና መልስ፦ ዳያተም፣ ደለልና የድሮ ዝናብ (ከሐዋሳ)

እንደምን ዋላችሁ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አለሁ፣ ጠይቁ። ዳያተም የመስታወት ቅርፊት ያለው ባለ አንድ ሴል አልጌ ነው። ሲሞት ቅርፊቱ ሐይቁ ሥር ይቀራል። ይህን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምቀጥለው።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ አልጌ ዝናብን እንዴት ያውቃል?

ዝናብን አያውቅም፤ የሚኖርበትን ውሃ ነው የሚያውቀው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ዝናብ ሲያጥረው ይጎድላል። ጨው ግን አይተንም። ውሃው እየከረረ ሲሄድ ጨው የሚችሉት ዳያተሞች ይበዛሉ፣ የማይችሉት ይጠፋሉ። እኛ ጭቃውን በቱቦ ወግተን እናወጣና በየሳንቲሜትሩ እንቆርጣለን። ቁራጩን በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ስናፈላው ብስባሹ ይጠፋል፣ መስታወቱ ይቀራል። ከዚያ ሺህ እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው፤ ከአንድ ቁራጭ 300፣ 400 ቅርፊት። አንገት ያደርቃል። አውላኮሴራ ግራኑላታ የሚባለው ዳያተም ጫፍ ለጫፍ የተቀጣጠለ ቱቦ ይመስላል። አንዴ ያየው ሰው አይስተውም። እሱ ከበዛ ውሃው ጨው ያልበዛበት ነበር። ጨው የሚችለው ታላሲዮሲራ ፋውሪ ከመጣ ከርሯል። ቁጥሩን ወደ ጨው መጠን የምንቀይረው ዛሬ ካሉ ሐይቆች ጋር እያመሳከርን ነው፤ ለአፍሪካ ይህን መንገድ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጡት ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ጋስና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

የአላሙራ ልጅ፦ እንግዲያው የእኛን ሐይቅ ቆፍረን የአካባቢውን ድርቅ ሁሉ እናገኛለን?

ቀስ በል ወንድሜ! የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ውሃው ግን ጨዋማ አይደለም። ለምን? ከሥሩ ይሰርጋል፣ ጨውንም ይዞት ይሄዳል። በ1999 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ሐይቅ ዳያተም ላይ የታተመ ጥናት ጨው ከፍ ያለባቸውን ጊዜያት አግኝቷል። የጥናቱ ጥያቄ ግን ድርቅ ላይሆን ይችላል፣ ከምድር ሥር የገባ ጨዋማ ውሃ ቢሆንስ የሚል ነው። ጻፉት፦ ጨው ጨመረ ማለት ድርቅ መጣ ማለት አይደለም።

መናኸሪያ፦ የ77ቱ ድርቅ ይታያል?

አትጠብቂ። የሐይቅ ሥር ትል ጭቃውን ያምሰዋል። አንድ ሳንቲሜትር የብዙ ዓመት ድምር ነው።

ከአዳማ፦ የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ግን እያደገ ነው፣ ዝናብ ጨምሮ መሆን አለበት።

ታቦር፦ የምን ዝናብ? የመስኖ ውሃ ነው።

ከአዳማ፦ መተሐራ ያደግኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ፍል ውሃው ነው ከሥር የሚገፋው።

ታቦር፦ አሁን ዝናብ ነው አላልክም? የእኛንም ሐይቅ የሚያስነሳው ደለል ነው። ጨለለቃ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግ ነው።

መናኸሪያ፦ ዓሣውም ድሮ ቀረ።

በቃ፣ በቃ! ስለ ዓሣ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ተወያዩ። በሰቃን ግን ስላነሳችሁት አልተውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ በኋላ ከ40 አልፏል። ዝናቡ በዚያ ልክ አልጨመረም። ከምድር ሥር የሚገባበት ውሃ ነው የጨመረው፤ መስኖውም እጁ አለበት፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ሲያድግ ደግሞ ጨዋማነቱ ክፉኛ ቀንሷል። የዛሬ ሺህ ዓመት ጭቃውን የሚቆፍር ሰው ዳያተሙን አይቶ «በዚህ ዘመን ከባድ ዝናብ ነበር» ብሎ ይጽፋል። ገባችሁ የምጮኸው ለምን እንደሆነ?

ፒያሳ፦ ታዲያ የትኛው ሐይቅ ይታመናል?

አንድ ሐይቅ ብቻውን አይታመንም። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሐይቅ ነበሩ፣ ሞልቶም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የድሮው ዳርቻ ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ ዳያተሙና የመሬቱ ምልክት አንድ ነገር ይናገራሉ፤ እንዲህ ሲሆን አምናለሁ። የሻላ ውሃ ግን ሶዳ ስለሆነ መስታወቱን ራሱን ያሟሟል፤ ቅርፊት ጠፋ ማለት አልጌ አልነበረም ማለት አይደለም። የጭቃውን ዕድሜም በካርቦን-14 ልኬት ብቻ አትመኑ። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ አሮጌ ካርቦን ውሃው ውስጥ ስለሚገባ ጭቃውን ከዕድሜው በላይ ያስረጀዋል። የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ካለ አመሳክሩ።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ ከዚህ የክረምቱን ትንበያ ማወቅ ይቻላል?

ሚቲዎሮሎጂን ጠይቅ።

አቶቴ፦ ይቅርታ አርፍጄ ነው። ጨው ከጨመረ ድርቅ ነበር ማለት ነው አይደል?

2 ሰዓት ሆኗል። ደህና እደሩ።