በጠመንጃ ላይ ያለ ቅርጽ የማን እጅ እንደሆነ እንዴት ይለያል?

አንድ አንባቢ የወረሱት ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ በጎንና ጎኑ የሐረግ ጌጥና ወፎች እንደተቀረጹበት፣ የቀራጺው ስም ግን የትም እንደማይታይ ገልጸው፣ ሥራው የእጅ ይሁን የማሽን፣ የእጅ ከሆነም የማን እንደሆነ የሚለዩበትን መንገድ ጠይቀዋል። መስመሩ ጎልቶ እንዲታይም ብረቱን በማለስለሻ ዱቄት ለመወልወል እንዳሰቡ ጽፈዋል።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እባክዎ አይወልውሉት። የቀራጺ እጅ የሚታወቀው በመስመሩ ጠርዝ ስለት ነው፤ ያ ጠርዝ አንዴ ከተፋቀ ደግሞ ማንም ሊመልሰው አይችልም። በጭረቱ ውስጥ የተኛው ጥቁረትም ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ንድፉ ከሩቅ እንዲነበብ የሚያደርገው እርሱ ነው። ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ በጥቂት ቀጭን ዘይት በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል።

ቀጥሎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዘጋጁና ብርሃኑን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን እየታከከ እንዲያልፍ አድርገው አንዱን የሐረግ ጥምዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉ። በእጅ የተቆረጠ መስመር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይጀምራል፤ በጥምዙ ሆድ ላይ ይወፍራል፤ ሲጨርስም እንደገና ይቀጥናል። የጭረቱ ግድግዳ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ በመዶሻና በመሮ የተሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ምት የተወው ጥቃቅን ደረጃ በግድግዳው ላይ ይታያል። በአሲድ የተበላ መስመር ግን ወለሉ ሻካራና ደብዛዛ፣ ጥልቀቱም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ሌዘር የሠራው ደግሞ ወርዱ የማይለዋወጥ ሲሆን፣ በወለሉ ላይ ተመሳሳይ ጥቃቅን ሰንበሮች ይደረደራሉ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው በብረት ማኅተም የታተመ ምስል ነው። በ1851 ሞዴል የኮልት ኔቪ ሽጉጥ ጥይት ያዥ ሲሊንደር ላይ ያለው በ1843 የተካሄደው የቴክሳስ ባሕር ኃይል ውጊያ ምስል እጅግ ያማረ ነው፤ ሆኖም ዋተርማን ኦርምስቢ በብረት ማኅተም ላይ አንድ ጊዜ የቀረጸው ምስል እየተንከባለለ በየሽጉጡ ላይ የታተመ ነው። የጥበቡ ክብር ማኅተሙን ለቀረጸው ይገባል፤ በእጅ የተቀረጸ ሽጉጥ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። የእርስዎን ለመለየት የግራውን ጎን ከቀኙ ጋር ያስተያዩ፤ በእጅ የተሠሩ ሁለት ጥምዞች ይመሳሰላሉ እንጂ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም።

የብሎን ራሶችንም ይመልከቱ። ሐረጉ በብሎኑ ራስ ላይ ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ ብሎኑ የተቀረጸው በቦታው እንደታሰረ ነው፤ ንድፉ ከተሰበረ ብሎኑ ተለውጧል ወይም ከቦታው ተዛውሯል። የቅርጹ መስመር የፋብሪካውን ማኅተም ወይም ተከታታይ ቁጥሩን ቆርጦ ካለፈ ደግሞ ቅርጹ ጠመንጃው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ መሆኑን አጥብቀው ይጠርጥሩ።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ ፊርማ አለመኖሩ ሥራውን አያሳንሰውም። በእንግሊዝ የጠመንጃ ሥራ ወግ ቀራጺው ስሙን ሳይጽፍ ማለፉ የተለመደ ነበር፤ ሃሪ ኬልን የመሰሉ ታላላቅ ቀራጺዎች የሚታወቁት በአብዛኛው በአሠራራቸው ነው። በአንጻሩ በቤልጂየም ኸርስታል እነ ፌሊክስ ፉንከን በብራውኒንግ ጠመንጃዎች ላይ ይፈርሙ ነበር። ፊርማ ካገኙም በጥንቃቄ ይያዙት፤ ሐረግ መቅረጽ የማይችል ሰው ጥቂት ፊደላት መቅረጽ ስለሚችል፣ የፊደላቱ አቆራረጥ ከሐረጉ አቆራረጥ ጋር መስማማት አለበት።

ከስም ይልቅ ትምህርት ቤቱ፣ ማለትም የአሠራር ወጉ፣ ቶሎ ይገለጣል። ጥቃቅን የጽጌረዳ እቅፎች በጠባብ ጥምዞች መካከል ከተቀመጡ ወደ እንግሊዝ ወግ ያመለክታሉ። ጎልተው የወጡ የአደን እንስሳትና የባሉጥ (ኦክ) ዛፍ ቅጠሎች የኦስትሪያዋን ፌርላክንና የጀርመንዋን ዙል ያስታውሳሉ። በጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ደግሞ ቡሊኖ የሚባለው ጥበብ አለ፤ በእጅ በሚገፋ ስለታም መሣሪያ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦችና ጭረቶች እየተደረደሩ ብርሃንና ጥላ ይፈጠራል። የዚህ ጥበብ ሊቅ የሆነውን የፊርሞ ፍራካሲን ሥራ በመነጽር ያየ ሰው የወፉ ላባ በመስመር ሳይከበብ በነጥቦች መቀራረብና መራራቅ ብቻ እንደቆመ ይረዳል። እኔ በግሌ ከዚህ የሚበልጥ ትዕግሥት በብረት ላይ አላየሁም።

ስለዚህ የእርስዎን ወፎች በዓይናቸውና በእግራቸው ይፈትኗቸው። ደካማ ቀራጺ ክንፉን ያሳምርና እግሩን በሣር ይሸፍነዋል፤ ጎበዙ ግን የወፉ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ያሳያል። ጥምዞቹም ያለ ጠፍጣፋ ስብራት የሚዞሩ፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታም የተመጣጠነ ከሆነ፣ ስሙ ባይታወቅም በእጅዎ ያለው የሊቅ ሥራ ነው።

ስሙን ለመፈለግ ከወሰኑ በደመናማ ቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ እያንዳንዱን ጎን ቀጥ ብለው አንድ ጊዜ፣ ዘንበል ብለው ደግሞ አንድ ጊዜ ፎቶ ያንሱ፤ ተከታታይ ቁጥሩንና ማኅተሞቹን ለብቻቸው ይጨምሩ። ይህን ለአምራቹ ድርጅት ይላኩ፤ ብዙዎቹ የቆዩ የሥራ መዝገቦችን ይዘዋል፤ የበርካታ የዊንቸስተር ሞዴሎች መዝገብም በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኘው የኮዲ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ይገኛል። መዝገቡ የቀራጺውን ስም ባይጠቅስ እንኳ ጠመንጃው ጌጥ ተቀርጾበት መውጣቱን ሊያረጋግጥልዎ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእርስዎን ፎቶዎች ቀራጺው ከታወቀ ሥራ ጋር ጥምዝ በጥምዝ ማስተያየት ነው።