ልጄ ገና መድኃኒት ላይ ነው፤ ፍልሰታን ይጹም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ባለፈው ዓመት የደም ካንሰር ተገኘበትና እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ደህና ነው። ግን መድኃኒቱን አልጨረሰም። ቤት ሆኖ እንክብል ይወስዳል፣ በቀጠሮ እንመላለሳለን። ሐኪሙ በደንብ ይብላ፣ ወተትና እንቁላል አይጉደልበት ብለውኛል። ፍልሰታ ሲቃረብ ልጁ ራሱ «እንደ ጓደኞቼ ልጹም፣ ልቁረብ» እያለ ያለቅሳል። አማቴ ደግሞ «ከዳነ በኋላ ምን ያደርግለታል፣ መድኃኒቱን ተይና ጠበል ውሰጂው» ይላሉ። ሙስሊም ጎረቤታችን ልጁ ከታመመ ጀምሮ ወተት ይልኩለታል፤ በጾም ከእሳቸው ቤት መቀበል ነውር ነው የሚሉኝ አሉ። እኔም ቅዳሴ ከቀረሁ ቆየሁ። የ13 ዓመቷ ልጄ ከወንድሟ ሕመም ወዲህ ዝምተኛ ሆናለች። እሱ ደግሞ ያለው ሁሉ ካልሆነ ይጮኻል፣ እምቢ ለማለት አንጀቴ አይችልም። ሌሊት ሌሊት «በእኔ ኃጢአት ይሆን?» እላለሁ። ከዳነልኝ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ይዤው እሄዳለሁ ብዬም ተስያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ለዚህ አደረሳችሁ። ሌሊት እንቅልፍ በምትነሳሽ ጥያቄ ልጀምር። ልጅሽ የታመመው በአንቺ ኃጢአት አይደለም። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱም ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው። ጌታም እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰላቸው (ዮሐንስ 9)። ንስሐ ለሁላችንም ያስፈልገናል፤ አንቺም ለራስሽ ኃጢአት ንስሐ ግቢ። የልጅሽን ሕመም ግን ለበደልሽ የተላከ ቅጣት አድርገሽ አትቁጠሪው። እንዲህ እያለ ቤትሽ መጥቶ የሚያስጨንቅሽ ሰው ካለ የኢዮብን ወዳጆች ስህተት እየደገመ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ እንደነበር አትርሺ።

ወደ ጾሙ ልምጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ጾም ይለማመዳሉ። ስለዚህ ልጅሽ መጠየቁ ደስ ይላል፤ በዚያ ሁሉ መርፌ መሀል እምነቱ አልጠፋም ማለት ነው። ነገር ግን ጾምን ያዘዘው የሐዋርያት ቀኖና ራሱ በሥጋ ድካም የተያዘውን ሰው ነጻ ያደርገዋል። አሁን ልጅሽ ወተትና እንቁላል ቢበላ ጾም ሻረ አይባልም። መጀመሪያውኑ ጾሙ አልተጣለበትም።

የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ ሉቃስ 8 ላይ አንብቢለት። የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ጌታ እጇን ይዞ ካስነሣት በኋላ ወዲያው ያዘዘውን ልብ በይ፤ የምትበላውን ስጧት ነው ያለው። ሞትን ያሸነፈላት ጌታ የቀረውን ለእናቷ ጓዳ ተወው። እኔ ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር እንደ አንቺ ያሉ እናቶች ትዝ ይሉኛል። ጠዋት እንቁላሉን ስትቀቅዪለት ያንን ትእዛዝ እየፈጸምሽ ነው።

ለልጁም እንዲህ በይው፤ «አሁን ያንተ ጾም መድኃኒትህን ሳታለቅስ መዋጥ ነው።» የሚተወው ነገር ከፈለገ ከምግብ ውጪ ይፈለግለት። ለ15 ቀን ስልክ ላይ የሚያየውን ካርቱን ቢቀንስ፣ ከእህቱ ጋር ባይጣላ፣ ከሚሰጠው ሳንቲም ለነዳያን ቢያስቀምጥ ጾሟል። ማዕዱ ሲቀርብ ጸሎቱን እሱ ይምራ። አንድ ነገር አደራ፤ ጓዳ ደብቀሽ አታብይው። ተደብቆ የሚበላ ልጅ ኃጢአት የሚሠራ ይመስለዋል። እናንተ ሽሯችሁን፣ እሱ እንቁላሉን ይዞ አንድ ላይ ተቀመጡ። የሰፈር ልጆች «አልጾምክም» ቢሉት «ቄሱም ሐኪሙም ብላ ብለውኛል» ብሎ ቀና ብሎ ይመልስ።

ለዚህ ግን ቄሱ በእርግጥ ሊሉት ይገባል። የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሪያቸውና ለልጁ በአፋቸው ይንገሩት። ከእናት ሲሰማና ከካህን ሲሰማ ለልጅ አንድ አይደለም።

ቁርባኑም በእሳቸው የሚወሰን ነው። የፍልሰታ ቅዳሴ በአዘቦት ቀን እኩለ ቀን ላይ ይገባና ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት ነው። ለልጅሽ የሚሻለው የጠዋቱ ነው፤ ያለ ምግብ የሚቆይበት ሰዓት ያጥርለታል። መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ሰዓቱ መገፋት ይችል እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቂ። አይችልም ካሉ አይገፋም፤ ለሌላ ቀን ታቆይዋለሽ። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃናቱ የሚተፋፈጉበት ወቅት ነው፤ የሚያስለው፣ ጉንፋን የያዘው ብዙ ነው። ልጅሽ በሽታ የመከላከል አቅሙ ገና ደካማ ስለሆነ ሰው ከሚበዛበት ራቅ ብላችሁ በር አካባቢ ቁሙ፤ ለአገልጋዮቹም ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሊያቆርቡት ራሳቸው ይጠሩታል።

እዚህ ላይ ስለ ምሥጢረ ቀንዲል አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ረስቶታልና ያሳዝነኛል። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ብዙ ሰው ሊሞት ለተቃረበ ብቻ ይመስለዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን የታመመ ሰው ቢኖር ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ነው ያለው። ሊድን ለሚጠባበቅ ልጅ የሚገባ ጸሎት ነው። ጠይቂ።

አሁን ወደ አማትሽ ምክር። እሳቸው የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ በክፉ አትመልሺላቸው። መድኃኒቱን ግን አታቋርጪ። ይህን በግልጽ ነው የምነግርሽ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ደሙ ተመርምሮ ንጹሕ ቢባልም በዓይን የማይታይ ርዝራዥ ሊቀር ይችላል፤ እንክብሉ የሚቀጥለው ለዚያ ነው። መሀል ላይ ሲቋረጥ በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ለማዳን ከበፊቱ ይከብዳል። ልጁ እየሮጠና እየሳቀ ስለሆነ ድኗል ያሉት አማትሽ ብቻ አይደሉም። ከአጋሮም ከቦንጋም ለሕክምና ጅማ የሚመጡ ወላጆች በዚሁ ነው የሚፈተኑት፤ ልጁ ደህና መስሏል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም አልቋል።

ጠበልና መድኃኒት ማን አጣላቸው? ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ 15 ዓመትም ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ያንን ከተናገረ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ተስፋውም ከእግዚአብሔር፣ መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር። ሲራክ 38 ላይም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ከጸለይክ በኋላ ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው እያለ። በ1999 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እያቋረጡ ወደ እንጦጦ ጠበል የሚሄዱ ምእመናን በበዙ ጊዜ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጋጩም ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። አማትሽ የእኔን ቃል ባይቀበሉ የፓትርያርኩን ይቀበላሉ።

ጠበሉንስ እንዴት? ነሐሴ ላይ ጅማ ዝናቡ አያባራም፤ ለዚህ ልጅ በማለዳ ራቁቱን መጠመቅ አይሆንም። ካህኑ ይርጩት፣ ግንባሩንና ደረቱን ይቀቡት። በረከቱ በውኃው ብዛት አይለካም። ለመጠጣት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ፤ የምንጭ ውኃ ሳይፈላ መጠጣት አሁን ለእሱ ሊከብደው ይችላል። በዚህ ሕክምና በየቀኑ የሚወሰድ እንክብል አለ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድም አለ፤ ከተምታታ ጉዳቱ ከባድ ነው። ግድግዳሽ ላይ የተሰቀለው የበዓላት ቀን መቁጠሪያ ላይ የሳምንቱ እንክብል የሚወሰድበትን ቀን በእስክሪብቶ ክበቢው። ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ጠበልም፣ ቅዳሴም፣ ንጋትም አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ተጠርቶ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፤ ለእሱ ዓይነት ልጅ ትኩሳት እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ጸሎቱን መንገድ ላይ ታደርሺዋለሽ።

የጎረቤትሽን ወተት ተቀበይ፣ አመስግኚም። መንገድ ላይ ተደብድቦ የወደቀውን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አልፈውት ሄዱ፤ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ያፈሰሰለት ሳምራዊው ነበር። ጌታም ያንን ሰው ነው ባልንጀራ ብሎ ያስተማረን። ጅማ ላይ ደግሞ ይህን ማንም ሊነግረን አይገባም፤ በለቅሶም በሠርግም አብረን ነን። እሳቸውም የእኛን ሥርዓት ያከብራሉ፤ የእርድ ልማዳችንን ስለሚያውቁ ነው ሥጋ ትተው ወተት የሚልኩት። በአረፋ ዕለት ልጅሽን አስከትለሽ ሂጂና እንኳን አደረሰዎ በያቸው።

ቅዳሴ መቅረትሽን በተመለከተ፣ ከታመመ ልጅ አልጋ አጠገብ የቆመች እናት ቀረች አትባልም። ረጅም ጸሎት አልሆን ሲልሽ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ሆነሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ። እምነትሽ ደክሞ ከሆነም የታመመ ልጁን ይዞ ጌታ ዘንድ የመጣው አባት ያለውን በይ፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» የለመነውን አገኘ እንጂ አልተከለከለም። አሁን ግን ልጅሽ እየተሻለው ነው። ከባለቤትሽ ጋር እሑድን ተፈራረቁ፤ አንድ ሳምንት አንቺ፣ አንድ ሳምንት እሱ።

ከደብዳቤሽ ይበልጥ ያሳሰበኝ የሴቷ ልጅሽ ዝምታ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጻፍሽላት። ልወቅስሽ አይደለም፤ ቤታችሁ ውስጥም ድርሻዋ እንዲሁ ያነሰ መስሎኝ ነው። አንቺ ሆስፒታል ስታድሪ እንጀራውን ማን ጋገረ? ቡናውን ለጠያቂ ማን አፈላ? የጠፋው ልጅ ታሪክ ላይ ሁላችንም የምናስታውሰው አባትየው ሮጦ ታናሹን ማቀፉን ነው። ታላቁ ልጅ ግን ከእርሻ መጥቶ፣ ዘፈኑን ሰምቶ፣ አልገባም ብሎ ውጭ ቀርቶ ነበር። አባትየው ምን አደረገ? ግብዣውን ትቶ ወደ እሱ ወጣ። «ልጄ ሆይ፣ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፣ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» አለው።

አንቺም ውጪላት። አማትሽ ከልጁ ጋር ይቀመጡና እሷን ብቻዋን ይዘሽ ገበያ ሂጂ፣ ሻይ ቡና በሉ። ስለ ወንድሟ አታውሪባት፤ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ ጠይቂያት። እንዲህ ዓይነት ልጆች «ምነው እኔ በታመምኩ» የሚል ሐሳብ ሊመጣባቸው ይችላል፣ በዚያም ራሳቸውን ይጠላሉ። አንዳንዶቹ ወንድሜን ተጣልቼው ስለነበር ነው የታመመው ብለው ያምናሉ። የአንቺን የሌሊት ጥያቄ እሷም በልቧ ይዛው ይሆናል። በማንም ጥፋት አይደለም ብለሽ በግልጽ ንገሪያት። ካለቀሰች ዝም በይና አቅፊያት። ፍልሰታንም እሷ በሙሉ ከጾመች አመስግኛት፤ የታናሿ ነገር የእሷን ድካም አይሸፍነው።

የልጁ ጩኸት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በታመመበት ሰሞን የጠየቀውን ሁሉ ሰጣችሁት፤ ማንም ወላጅ ያደርገዋል። አንዳንዱ መድኃኒትም ልጅን ነጭናጫ ስለሚያደርግ ጠባዩ የተለወጠው መድኃኒት በተቀየረበት ሳምንት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ። ከዚያ ውጪ ግን እህቱን ሲመታ ዝም አትበይ። እምቢ በይው፤ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ እጅሽንም ሳትሰነዝሪ። ልጅ እናቱ ሁሉን ስትፈቅድለት «ልሞት ነው መሰል» ብሎ ሊፈራ ይችላል። ልብሱን ይጠፍ፣ ጫማውን ያስቀምጥ። እንደ ጤነኛ ልጅ ስትይዢው መዳኑን ያምናል።

ስለ ስእለትሽ፣ ይዤው እሄዳለሁ ማለትሽን ገብርኤል ሰምቷል። ስእለት ይከፈላል። ነገር ግን መድኃኒት ላይ ያለን ልጅ ከጅማ እስከ ሐረርጌ በዚያ መንገድ ወስዶ በዚያ ሕዝብ መሀል ማሳደር እሱን መጉዳት ነው። ዘንድሮ ይቆይ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ቀኑን እሳቸው ያራዝሙልሽ። ለዘንድሮ እዚሁ ጅማ ታኅሣሥ 19 ቀን ሻማሽን አብሪ። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልቋል ያሉ ዓመት ቁልቢ ሂዱ፤ እህቱም አብራችሁ ትሂድ።