የቤተሰቡን ደም የተበቀለ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይገባል? ጥያቄና መልስ

ስለ በቀልና ስለ ቅጣት ማቅለያ የምትፈልጉትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ የተደጋገሙትን መርጬ እመልሳለሁ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጁን የገደለበትን ሰው የገደለ አባት፣ ለዘረፋ ብሎ ሰው ከገደለ ጋር እኩል መታየት አለበት?

እኩል መታየት የለበትም፤ በብዙ አገር ሕግም አይታይም። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 213 ሟቹ በእሱ ወይም በቤተ ዘመዱ ላይ ባደረሰው በደል ተቆጥቶ፣ እዚያው በስፍራው የገደለን ሰው ከ1 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣዋል። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 541 ከባድ ቁጣ በሚቀሰቅስ ድርጊት ተነሳስቶ የገደለን ሰው ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ልብ በሉ፣ እዚህ ቅጣቱን የሚያቀልለው ደሙ የፈላ ሰው ራሱን መግዛት አለመቻሉ ነው። ሟቹ ሞት ይገባዋል ብሎ የፈረደ ሕግ የለም። እኔም የምስማማው በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዘን በአንድ ቀን ይበርዳል እንዴ? ከስድስት ወር በኋላ የገደለስ?

ጥያቄው ጥሩ ነው፣ «እዚያው በስፍራው» የሚለው መለኪያ ያለበትን ድካም ያሳያል። የእንግሊዝ ሕግ አውጪዎችም ታይቷቸዋል። በ2009 የወጣው ሕጋቸው ራስን መቆጣጠር ማጣት የግድ በድንገት የሆነ መሆን የለበትም ይላል። እዚያው ላይ ግን በር ይዘጋል፦ አስቦና አውጠንጥኖ ለመበቀል የገደለ ሰው በዚህ መከላከያ አይጠቀምም። ስለዚህ ስድስት ወሩ ብቻውን አይፈርድበትም። በስድስቱ ወር ውስጥ ምን ሲያደርግ ነበር? እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተለይቶ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ድንገት ተገጣጥመው ከሆነ አንድ ነገር ነው። የሰውየውን መውጫና መግቢያ ሲያጠና ከከረመ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያቺ ፍርድ ቤት ውስጥ የተኮሰችው ጀርመናዊት እናትስ? አስባበት አይደለም እንዴ የሄደችው?

ማሪያን ባኽማየር ናት። የ7 ዓመት ልጇን በመግደል ተከስሶ የቀረበውን ሰው በመጋቢት 1981 ሉቤክ ከተማ በችሎት ላይ ተኩሳ ገደለችው። ሽጉጡን ይዛ ነው የገባችው፤ ስለዚህ አላሰበችበትም ማለት ይከብዳል። በ1983 የተፈረደባት ግን 6 ዓመት ነው፣ ግማሽ ያህሉን ታስራ ወጣች። በአሜሪካ ሉዊዚያና ደግሞ ጋሪ ፕላውሼ የሚባል አባት በ1984 ልጁን ጠልፎ የደፈረውን ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ጠብቆ ገደለው። የ7 ዓመት እስራት በገደብ ተፈርዶበት እስር ቤት ሳይገባ ቀረ። የእናቲቱ ፍርድ ይገባኛል። የአባትየው ግን ያሳስበኛል፦ አድብቶ መግደል ያለ አንድ ቀን እስር ሲታለፍ፣ ነገ ሌላው የሚማረው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መንግሥት ፍትሕ ካልሰጠ ሰው ምን ያድርግ? እኔ ጭራሽ መቀጣት የለበትም ባይ ነኝ።

ከሁሉ ከባዱ ይህ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በሐምሌ 1 ቀን 2002 በጀርመን ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 71 ሰው አለቀ። ሩሲያዊው ቪታሊ ካሎዬቭ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አጣ። በየካቲት 2004 ስዊዘርላንድ ሄዶ በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረውን የበረራ ተቆጣጣሪ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጩቤ ገደለው፤ የሟቹ ሚስትና ልጆች ቤት ውስጥ ነበሩ። 8 ዓመት ተፈርዶበት፣ በይግባኝ 5 ዓመት ከ3 ወር ሆነለትና በ2007 ተለቀቀ። የሐዘኑን ክብደት ማን ይክዳል?

ግን ያ ተቆጣጣሪ በዚያ ሌሊት የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ይዞ ነበር። ባልደረባው እረፍት ላይ ነበር፣ ዋናው የስልክ መስመር ለጥገና ተቋርጦ ነበር፣ የግጭት ማስጠንቀቂያውም በሙሉ አቅሙ አይሠራም ነበር። በ2007 የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ተቆጣጣሪው ይሠራበት የነበረውን የበረራ ቁጥጥር ድርጅት አራት ሠራተኞች በቸልተኝነት ጥፋተኛ አላቸው። ጥፋቱ የብዙ ሰው ሆኖ ሳለ ጩቤው ያገኘው አንዱን ነው። ተበቃይ ምርመራ አያደርግም፣ ማስረጃ አይመዝንም፣ ይግባኝ አይሰማም። እና «ጭራሽ አይቀጣ» የምትለው ወንድሜ፣ የተቆጣጣሪው ልጆች አድገው ካሎዬቭን ቢገድሉ እነሱንም በነፃ ልትለቅ ነው?

ጥያቄ፦ በደም መላሽነት የገዳዩን ወንድም የገደለስ?

ምንም ማቅለያ አይገባውም። ሟቹ ያጠፋው ነገር የለም። ቱርክ በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 82 ደም ለመመለስ ብሎ መግደልን ቅጣት ከሚያከብዱት መካከል አስገብታዋለች፣ ልክ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ አካል ማጉደል ወይም ንብረት ማቃጠል ቢሆንስ?

መመዘኛው ያው ነው፣ የሚለያየው የቅጣቱ መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎ ዳኛ ቢሆኑ ምን ምን ያያሉ?

መጀመሪያ መሣሪያው ከየት መጣ የሚለውን አያለሁ፦ እጁ ያገኘው ነው ወይስ ተገዝቶ የተቀመጠ? ቀጥሎ፣ ሟቹ በእርግጥ በዳዩ ነበር ወይ? ለፖሊስ አመልክቶ ነበር? ምን መልስ አገኘ? የሐኪም ማስረጃ አለው? ከገደለ በኋላ እጁን ሰጠ ወይስ ሸሸ? ሕዝቡ ችሎት ደጃፍ ላይ «ጀግና» ብሎ መጮሁን ግን መዝገቡ ውስጥ አላስገባም። ጭብጨባ ማስረጃ ከሆነ፣ ሰው የሚወደው ገዳይ ሁሉ በትንሽ ቅጣት ይወጣል፤ ወዳጅ የሌለው ደግሞ ሙሉውን ይከፍላል።