ፈረንሳይኛ ካልሆነ የሚል ፕሮግራም

ጥያቄ፦ ግራምፕስ የተባለውን ነፃ የዘር ሐረግ መመዝገቢያ ጭኜ ዘመዶቼን እያስገባሁ ነው። ዊንዶውሴ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ግራምፕስ በፈረንሳይኛ ይከፈታል። ማስተካከያውን ሁሉ አገላበጥኩ፤ ቋንቋ የሚመረጥበት ቦታ አጣሁ። ግራ ሲገባኝ የክስተቶቹን ዓይነት በአማርኛ «ልደት»፣ «ሞት» እያልኩ ጻፍኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የደከሙት የሌለ ነገር ፍለጋ ነው። ግራምፕስ ቋንቋውን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የሚያየው ሜኑው የተጻፈበትን ቋንቋ ሳይሆን ቀንና ቁጥር የሚጻፍበትን የአገር ፎርማት ነው። የእርስዎ ፈረንሳይ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱትና ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱት። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ቋንቋ ቢመርጡ አልፎ አልፎ የእንግሊዝኛ ቃል ብቅ ቢል አይደንግጡ፤ ተርጓሚዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ያልደረሱበት ቃል በእንግሊዝኛው ይቀራል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን «ልደት» ያሉት ነገር ነው። የክስተቱ ዓይነት ሳጥን የፈለጉትን ያስጽፋል፤ የጻፉት ቃል በዚያ ሰዓት ከሚታየው ዝርዝር ጋር ካልገጠመ ግን ፕሮግራሙ እርስዎ የፈጠሩት አዲስ ዓይነት አድርጎ ይመዘግበዋል። ልደት መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ በልደት ቦታ አያሳየውም፣ ዕድሜም አያሰላበትም። ቋንቋውን ቢያስተካክሉም እንዲህ የገባው አብሮ አይተረጎምም። እኔም የአያቴን ልደት እንዲሁ አስገብቼ ቻርቱ ላይ ቀኑ ባዶ ሲሆንብኝ፣ ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ምሽት ስጎረጉር አመሸሁ። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔው ጣት ነበር።

አንድ በአንድ መሰረዝ አያስፈልግም። መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ በመሣሪያዎች ሜኑ፣ ዳታቤዝ ከሚስተካከልባቸው መካከል፣ የክስተት ዓይነቶችን ስም የሚቀይረውን ይክፈቱ። ከላይ የእርስዎን «ልደት»፣ ከታች የፕሮግራሙን የራሱን የልደት ዓይነት መርጠው ይለውጡ፤ «ሞት»ንም እንዲሁ። ሲጨርሱ አንድ ሰው ከፍተው የልደት ቀኑ በቦታው መምጣቱን ይዩ።

ቋንቋ የሚመረጥበት ቦታ ግን አንድ አለ፤ ሪፖርት ሲያወጡ ከአማራጮቹ ውስጥ ያገኙታል። እሱም የሚቀይረው ርዕሶችንና መለያዎችን ነው፤ እርስዎ የጻፉት ማስታወሻ እንዳለ ይወጣል።